የማን ልጅ ነው? በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ አጠራጣሪ አባትነትን ስለ መመርመር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ በየቤታችን በሹክሹክታ የሚነገር፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማይነሣ ጉዳይ ነው። አንድ ሰው የአባቱን ወይም የአያቱን አባት ማንነት በእርግጥ ሳያውቅ ሲቀር፣ እውነቱን በምን መንገድ ሊፈልገው ይችላል? ከመተማ፣ ከገንዳ ውኃ፣ ከሽንፋ፣ ከቋራ የሚመጡ ሰዎች ይህንን ጥያቄ ይዘው ወደ ቢሮዬ ይመጣሉ። አንዳንዱን የሚያመጣው የውርስ ክርክር ነው፤ ሌላው ልጁን ሊድር ሲነሣ ሰባት ቤት ቆጥሮ መድረስ አቅቶት ይመጣል፤ አብዛኛው ግን ከመሞቱ በፊት ማወቅ ስለሚፈልግ ብቻ ይመጣል። ይህ የመጨረሻው ምክንያት ከሁሉም ያነሰ አይደለም።

ቆላው የድንበርና የገበያ ምድር ነው። አማራው፣ ቅማንቱ፣ ጉሙዙ፣ ጀበርቲው ነጋዴ፣ ከዳርፉርና ከምዕራብ አፍሪካ ተነሥቶ በመንገዱ የቀረው ተክሩር፣ ከገዳሪፍ የሚሻገረው ሱዳናዊ በአንድ ገበያ ሲገናኙ ኖረዋል። በዚያው ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር። ከዚህ በላይ የግብፅ፣ የማህዲስቶች፣ የጣሊያንና የእንግሊዝ ጦር በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ እየተፈራረቁ አልፈውበታል። ጦር ባለፈበት ሁሉ አባታቸው በውል ያልተለየ ልጆች ይቀራሉ።

ከቤተሰብ ጉዳይ በፊት ግን ከአንድ ንጉሥ ድንኳን ልጀምር፤ ምክንያቱም በሀገራችን ታሪክ ከሁሉ የከበደ መዘዝ ያስከተለው የአባትነት ቃል የተነገረው በመተማ ነው። ዘመኑን በሀገራችን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የጣሊያንን ሕጎች ግን ሰነዶቹን ለሚፈልግ እንዲያመች በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳቸዋለሁ።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ምሽግ ላይ ከማህዲስቶች ጋር ሲዋጉ በጥይት ተመቱ። ድል ወደ ኢትዮጵያውያን ያዘነበለ የነበረው ውጊያ የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል በተሰማ ጊዜ ተገለበጠ። ከጋብቻ የተወለዱት ልጃቸው ራስ አርአያ ሥላሴ ባለፈው ዓመት ሞተው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በሞት አፋፍ ላይ ሆነው እስከዚያች ሰዓት የወንድማቸው የደጃዝማች ጉግሣ ልጅ ተብለው ይታወቁ የነበሩትን መንገሻን «ልጄ ነው» ብለው ተናገሩ፤ ወራሻቸውም አደረጓቸው።

ይህ ቃል ዙፋኑን ለመንገሻ አላስገኘም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አወጁ፤ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌን ውል ከጣሊያን ጋር ተፈራረሙ። መንገሻ በትግራይ ሆነው የአባታቸውን ወራሽነት ሲከራከሩ ጣሊያን ከባሕሩ ዳር ወደ ደጋው ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1890 የያዘውን አገር ኤርትራ ብሎ ሰየመው። ውርሱ ያለ ጥርጥር ለአንድ ጎልማሳ ልጅ የተላለፈ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር አልልም። ያልጠራ የትውልድ ጥያቄ በአንድ ክፉ ሰዓት ምን ያህል ክፍተት እንደሚከፍት ግን እዚህ ላይ ይታያል።

ለመሆኑ መንገሻ የማን ልጅ ነበሩ? የትውልድ መርማሪ «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ከማለቱ በፊት ሦስት ጥያቄ ያቀርባል። የተናገረው ማን ነው? መቼና በማን ፊት ተናገረ? ቃሉ ማንን ይጠቅማል? በመተማው ድንኳን የተናገሩት አባት ነኝ ባዩ ራሳቸው ናቸው፤ ይህ ቃሉን ያከብደዋል። ጊዜው የሞት ሰዓት ነው። ጥቅሙን ያየን እንደ ሆነ ግን ጥርጣሬ ይገባናል፤ አልጋ ወራሽ የሌለው ንጉሥ ከምኒልክ ፊት የወንድም ልጅ ከሚያቆም የራሱን ልጅ ቢያቆም ይሻለዋል። የእኔ ሚዛን ግን ወደ ማመኑ ያዘነብላል። ዮሐንስ ሃይማኖታቸውን አጥብቀው የሚይዙ ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በሞቱ ሰዓት ከሕግ ውጭ ልጅ ወልጃለሁ ብሎ የራሱን ነውር በሠራዊቱ ፊት መግለጡ፣ ለብልሃት ብቻ የተደረገ ነው ብሎ ማሰብ ይቸግረኛል። ሌላው የታሪክ መምህር በተቃራኒው ቢፈርድ ግን አልጣላውም።

ከመተማ ወደ ደቡብ ወደ ቋራ ብንወርድ ደግሞ የዚህ ግልባጭ የሆነ ጉዳይ እናገኛለን። የቋራው ካሣ፣ የካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት፣ ስለ ትውልዳቸው የተነገረው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። ጠላቶቻቸው እናታቸውን ኮሶ ሻጭ እያሉ ዝቅ አደረጓቸው፤ ወዳጆቻቸው ከነገሡ በኋላ ዘራቸውን ከሰሎሞን አደረሱት። ታላቁ የቋራ ገዥ ደጃዝማች ክንፉ እንኳ በአንዱ ጽሑፍ ለካሣ ወንድም ሆነው ይቀርባሉ፤ በሌላው አጎት ናቸው። ይህ ትንሽ ልዩነት ይመስላል፤ ነገር ግን ወንድም ከሆኑ አባታቸው አንድ ነው፤ አጎት ከሆኑ የካሣ አባት ከመሐል የሚገባ ሌላ ሰው ነው። በእኛ አገር የአያት ስም በልጅ ልጅ ላይ ስለሚደገም፣ ልጅን በአያቱ ስም መጥራትም የተለመደ ስለ ሆነ፣ በትውልድ ሐረግ ውስጥ አንድ ትውልድ መሰወሩ ወይም መጨመሩ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት ነው። ተማሪዎቼ የቤተሰብ ሐረግ ሲያመጡልኝ አስቀድሜ የምፈትሸው ይህንን ነው፦ በተከታታይ ትውልድ መካከል ያለው ዕድሜ ስንት ነው? አርባ ዓመትና ሃምሳ ዓመት እየሆነ ከመጣ አንድ ሰው ጎድሏል ማለት ነው።

ስለ ኮሶው ስድብም አንድ ነገር ልበል። ስድብ የተሳዳቢውን ልብ እንጂ የተሰዳቢውን አባት አያስረዳም። በዙፋን ላይ ያለ ሰው ያጻፈው ረጅም የዘር ሐረግም እንደዚሁ የምኞቱን መጠን እንጂ የአያቱን ማንነት አያስረዳም። ሁለቱም በአንድ ዓይን መታየት አለባቸው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ አባት ነው። እናት የምትጠፋበት ጊዜም አለ፤ ለዚህ ቆላ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። በጥር 1880 ዓ.ም. ሐምዳን አቡ አንጃ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ሳር ውኃ ላይ ድል ነሥቶ ጎንደርን ሲያቃጥል ብዙ ሴቶችና ልጆች ተማርከው ወደ ሱዳን ተወስደዋል። በጎንደር በኩል ያለው ቤተሰብ «ተማርካ ቀረች» ብሎ ሐረጉን እዚያ ላይ ይዘጋዋል። በኦምዱርማን በኩል ደግሞ ልጆቿ የአባታቸውን ነገድ እስከ ሩቅ አያት ድረስ ሲቆጥሩ እናታቸውን «ሐበሻዊት» ብለው ያልፏታል። ስሟ በሁለቱም ወገን የለም። ከገዳሪፍ ድንበር ተሻግረው «የቅድመ አያቴ አገር ጎንደር ነው» የሚሉ ሰዎች ሲመጡ ለመርዳት የምንቸገረው ሰነድ ስለ ጠፋ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም የትውልድ አቆጣጠሮች ቦታ ስላልሰጧት ነው።

አሁን ወደ ጣሊያን ዘመን ልምጣ፤ ብዙዎቻችሁ የመጣችሁትም ስለዚህ ለመስማት ይመስለኛል።

የጣሊያን ቅኝ ሕግ ስለ ክልስ ልጆች ያወጣው ድንጋጌ በሰባት ዓመት ውስጥ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተመላልሷል። እ.ኤ.አ. በ1933 ለኤርትራና ለሶማሊያ የወጣው ሕግ፣ ወላጆቹ ያልታወቁ ልጅ በመልኩና በሌላ ምልክት አንዱ ወላጁ ነጭ ነው ተብሎ ከተገመተ፣ በጣሊያን ሥርዓት ማደጉ ሲረጋገጥ ዜግነት የሚጠይቅበትን በር ትቶለት ነበር። ልብ በሉ፤ መልክ ማስረጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 880 ጣሊያናዊ ከቅኝ ተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት መኖሩን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 13 ቀን 1940 የወጣው ሕግ ቁጥር 822 ደግሞ የቀረውን ዘጋ፦ ክልስ ልጅ የአገሬውን ወላጅ ማዕረግ ይይዛል፤ ጣሊያናዊ አባቱ ልጄ ብሎ ሊቀበለው አይችልም፤ የቤተሰብ ስሙንም አይሰጠውም፤ ልጁን የማሳደግ ወጪ በአገሬው ወላጅ ላይ ብቻ ይወድቃል። ጣሊያን ይህንን ሕግ የሻረው ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው።

ይህ ለትውልድ ምርመራ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. በመተማ ወይም በጎንደር ለተወለደ ልጅ በጣሊያን መዝገብ የአባት ስም መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ መዝጋቢው ስሙን እንዳይጽፍ ሕግ አስሮታል። እዚህ ላይ «አባት ያልታወቀ» የሚለው ቃል አለማወቅን አያመለክትም፤ ማወቅ መከልከሉን ነው የሚያመለክተው። ቤተሰቦች ይህንን ቃል በአንድ የድሮ ወረቀት ላይ ሲያዩ እናታቸው ብዙ ወንድ የምታውቅ ሴት ነበረች ብለው ይሸማቀቃሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ካለ፣ ውርደቱ የሴትዮዋ ሳይሆን የሕግ አውጪው መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

የሚገርመው ግን ያው ሕግ ሳያስበው አንድ ዱካ ትቶልናል። በአስመራና በአዲስ አበባ የተቀመጡ የጣሊያን ዳኞች በ1937ቱ ድንጋጌ የተከሰሱ ወንዶችን ሲመረምሩ፣ ግንኙነቱ እንደ ጋብቻ ያለ መሆኑን ለመለየት አብሮ መብላትን፣ አብሮ ማደርን፣ ስጦታን፣ ደብዳቤን፣ ፍቅርን ሁሉ ጠይቀው ጽፈዋል። ስለዚህ የልደት መዝገብ የደበቀውን የወንጀል መዝገብ አንዳንድ ጊዜ ይናገራል። የወታደሮች የግል መዝገብም በጣሊያን መንግሥት ቤተ መዛግብት ስለሚቀመጥ፣ አንድ ሰው በየትኛው ወር የት ምሽግ እንደ ነበረ ማወቅ ይቻላል። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይጠቅማል፤ ምክንያቱን ጥቂት ቆይቼ አሳያችኋለሁ።

ስም ደግሞ ያሳስታል። ታዋቂው ጣሊያናዊ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በወጣትነቱ በኤርትራ የአስካሪዎች አዛዥ ሳለ አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ከአባቷ ገዝቶ እንደ ያዘ ራሱ ተናግሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በቴሌቪዥን መድረክ ኤልቪራ ባኖቲ የተባለች፣ በኤርትራ የተወለደች ጋዜጠኛ ፊት ለፊት ጠይቃዋለች። ልጅቱ በኋላ አንድ ኤርትራዊ አስካሪ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ኢንድሮ ብላ ጠራችው፤ እንደ ሞንታኔሊ አነጋገር ግን ሕፃኑ የተወለደው እርሱ አገሩን ከለቀቀ ብዙ ቆይቶ ስለ ሆነ ልጁ አይደለም። የልጅ ስም የእናትን ትዝታ ወይም ምስጋና ወይም ቁጭት ሊሸከም ይችላል፤ የደም ማስረጃ ግን አይደለም። ይሁን እንጂ ጊዜውን የነገረን ማን ነው? ራሱ ባለጉዳዩ ነው። በመተማ ድንኳን ያቀረብናቸው ሦስት ጥያቄዎች እዚህም ይሠራሉ።

አሁን አንድ ጉዳይ በዝርዝር ልውሰድ። ባለቤቶቹ እንዳይታወቁ መለያ የሚሆነውን ሁሉ ለውጫለሁ።

አንዲት የልጅ ልጅ መጣችና «አያቴ የጣሊያን ልጅ ነው ይባላል፤ እውነት እንደ ሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» አለችኝ። ቅድመ አያቷ በመተማ ጦር ሰፈር አጠገብ ጠላና ጠጅ የምትሸጥ ሴት ነበረች። አያትየው ያደገው አንድ ገበሬ አሳድጎት፣ በዚያ ገበሬ ስም እየተጠራ ነው። ቀላ ያለ ነበር ይላሉ። እኔ ለቅላት ብዙ ቦታ አልሰጥም፤ በጎንደር አገር ጣሊያንን አይቶ የማያውቅ ቀይ ሰው ሞልቷል።

የመጀመሪያው ሥራችን «የጣሊያን ልጅ» የሚለውን ቃል መመርመር ነበር። በዚህ አገር አነጋገር ይህ ሐረግ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛ፣ ከጣሊያናዊ የተወለደ። ሁለተኛ፣ በጣሊያን ጊዜ የተወለደ። ሦስተኛ፣ ጣሊያን ካሰለፈው ወታደር የተወለደ። በመተማ ምሽግ ከነበረው የጣሊያን ጦር አብዛኛው ጥቁር ነበር፤ የቅኝ ግዛት ሻለቆች የሚባሉት በአስካሪዎች የተሞሉ ነበሩ። የገጠር ሰው «ጣሊያን መጣ፣ ጣሊያን ሄደ» ሲል ሁሉንም አጠቃልሎ ነው። ከሦስቱ አንዱን ሳይለዩ ምርመራ መጀመር በተሳሳተ መንገድ ላይ መፍጠን ነው።

ቀጥሎ ልደቱን ቆጠርን። ወረቀት የለም፤ ቤተሰቡ ግን «ጎንደር ከጣሊያን እጅ በወጣ ሰሞን ተወለደ» ይላል። ቆላው ልደትን በታላላቅ ነገሮች ያስታውሳል፤ ይህ ከብዙ የቀበሌ መታወቂያ ይልቅ የታመነ ነው። ጄኔራል ናሲ በጎንደር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ 266 ቀን ወደ ኋላ ብንቆጥር ፅንሱ በየካቲት 1933 መጨረሻ ላይ ይወድቃል። ጣሊያኖች ግን መተማን የለቀቁት በጥር 1933 ነው። እንግሊዞች በጥቅምት 1933 ገላባትን ይዘው መተማን ሳይዙ ተመልሰው ነበር፤ በጥር መጨረሻ ግን የጣሊያን ጦር ሌሊት ለቅቆ በጭልጋ መንገድ ወደ ጎንደር አፈገፈገ፤ መንገዱን ሁሉ ፈንጂ ቀበረበት። የሕንድ ጦር የምሕንድስና መኮንን ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት ያንን ፈንጂ ቀን ከሌሊት ሲያጸዳ ባሳየው ጀግንነት የቪክቶሪያ ክሮስ ተሸልሟል።

እንግዲህ ልጁ ከመተማ ጣሊያናዊ ከተወለደ እናቲቱ ጦሩን ተከትላ ወደ ጎንደር መሄድ ነበረባት። ጥያቄው «አባቱ ማን ነው?» ከሚለው ወደ «በየካቲት 1933 እርሷ የት ነበረች?» ወደሚለው ተዛወረ። ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ሊገኝለት የሚችል ነው፤ መልካም ምርመራ ማለትም መልስ የሌለውን ጥያቄ መልስ ወዳለው መለወጥ ነው። አንዲት ዕድሜ የጠገቡ የቤቱ ዘመድ ከእናታቸው የሰሙትን ነገሩን፤ ሴትዮዋ መተማን አልለቀቀችም፤ ሕንዶቹ ሲገቡ እንኳ ጠላ ሸጣላቸዋለች።

በዚህ መካከል ውጭ ሀገር ያሉ ዘመዶች የዘረመል ምርመራ አሠሩ። ስለዚህ ምርመራ ብዙ ከንቱ ተስፋና ብዙ ከንቱ ፍርሃት ስለሚወራ ትንሽ ላብራራ። ልጅ ከአባቱ ግማሹን፣ ከእናቱ ግማሹን ዲ ኤን ኤ ይወርሳል። ከጣሊያናዊ የተወለደ ሰው ግማሹ ከአውሮፓ ይሆናል፤ ልጁ ሩብ ያህል፤ የልጅ ልጁ 12 ነጥብ 5 በመቶ ያህል። ይህ በቀላሉ የሚታይ መጠን ነው፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ምርመራው ጥሩ ዳኛ ነው። ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፈው የዋይ ክሮሞዞም ግን ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል፤ በደቡብ ጣሊያንም በኢትዮጵያም የሚገኙ፣ ጥንታዊ ሥራቸው የተዛመደ የአባት መስመሮች አሉና።

ምርመራው የማይፈታውን ለማየት ወደ ራስ መንገሻ ልመለስ። ዮሐንስና ጉግሣ የአንድ አባት ልጆች ስለ ሆኑ የዋይ ክሮሞዞማቸው አንድ ነው። መንገሻ የማንኛቸውም ልጅ ቢሆኑ ያው ይወረሳል፤ ስለዚህ ይህ መስመር ምንም አይለይም። የቀረውን ዘረመል እንይ፤ መንገሻ ለአርአያ ሥላሴ የአባት ወንድም ከሆኑ ሩቡን ያህል ይጋራሉ፤ የአጎት ልጅ ከሆኑ 12 ነጥብ 5 በመቶ። በእነርሱ ላይ ቢሆን ልዩነቱ ጎልቶ ይታይ ነበር። ሦስት ትውልድ ወርዶ ግን የሁለቱ ወገን የልጅ ልጅ ልጆች የሚጋሩት በአማካይ በአንደኛው ግምት 0 ነጥብ 39 በመቶ፣ በሌላው 0 ነጥብ 195 በመቶ ነው፤ በዚህ መጠን ላይ ዕድል ብቻውን ከዚህ የበለጠ ልዩነት ይፈጥራል። የንጉሠ ነገሥቱን አፅም እንመርምር እንዳንል ማህዲስቶቹ አስከሬናቸውን ማርከው ራሳቸውን ወደ ኦምዱርማን ወስደውታል። የመተማው ቃል እስከ ዛሬ የቆመው በሰሚዎቹ ምስክርነት ላይ ነው፤ ወደፊትም በዚያው ላይ የሚቆም ይመስለኛል።

የእኛ ባለጉዳዮች ውጤት ሲመጣ በአያትየው ልጆች ላይ ከአውሮፓ የመጣ ድርሻ አልተገኘም። ሩብ ያህል መሆን የነበረበት የለም። ጣሊያናዊው አባት ከቤተሰቡ ታሪክ ወጣ። ቤተሰቡ ግን በዚህ አልተደሰተም፤ አንዳንዶቹ በግልጽ አዘኑ። ለምን እንደ ሆነ ገባኝ፤ «የጣሊያን ልጅ» መባል በልጅነት ስድብ ሆኖ ያቆሰለው ሰው በስተርጅና አንድ ሩቅ አገር፣ አንድ ሊገኝ የሚችል ዘመድ ሆኖለት ነበር። ከልጆቹም የጣሊያን ዜግነት ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ለዚያ እንኳ መንገዱ ጠባብ ነው፤ በጣሊያን የ1992 የዜግነት ሕግ አባትነቱ በሕፃንነቱ የተረጋገጠ ልጅ ዜግነቱን ወዲያው ሲያገኝ፣ አካለ መጠን ከደረሰ በኋላ የተረጋገጠለት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ መምረጥ አለበት። ከ80 ዓመት በኋላ በሞተ ሰው ስም የሚቀርብ ክርክር ከዚህም የከበደ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር። ከወንድሞቹ አንዱ ወገን «እንግዲያው አያታችን ያሳደገው ሰው ልጅ ስላልሆነ በዚያ ቤት መሬት ምን መብት አላችሁ?» የሚል ክርክር አንሥቷል። ይህ ከታሪክ ወጥቶ ወደ ሕግ ይገባል። ከተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የምንማረው ይህ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት፣ አንድ ሰው በዘመዶቹና በአካባቢው ዘንድ የእገሌ ልጅ ተብሎ መታወቁና እንደ ልጅ መያዙ ራሱ የልጅነት ማስረጃ ይሆናል። ስሙን ሰጥቶ ያሳደገው፣ ክርስትና ያስነሣው፣ የዳረው ገበሬ በሕግ ዓይን አባት ነው። የምራቅ ምርመራ ይህንን አያፈርሰውም። ክልላችንም የራሱ የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ስላለው፣ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ እንዲያማክር እመክራለሁ። ስለ ዘር ለማወቅ የተጀመረ ጥያቄ የወንድማማቾችን ድንበር ሲነቅል ማየት ያሳዝናል።

ቀሪው ጥያቄ ግን አልተዘጋም። እኒያን ሴት በድጋሚ ስናነጋግር «የልጁ አባት ማን ነበር?» ማለቱን ተውነው፤ ይህ ጥያቄ አፍ ያዘጋል። «እቤት ይመጣ የነበረው ሰው በምን ቋንቋ ይናገር ነበር?» አልናቸው። ሳያመነቱ «እናቴ ሐማሴኑ ትለው ነበር፤ አማርኛውን ይሰባብረዋል ብላ ትሥቅበት ነበር» አሉ። በዚህ አገር ሐማሴን ማለት ከሐማሴን የመጣ ብቻ ማለት አልነበረም፤ ኤርትራዊ ወታደር ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ክረምቱ ሳይገባ ከጣሊያን ጦር የከዱ አስካሪዎች ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ጦሩ ሌሊት ሲለቅቅ አንድ ሰው ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ «የጣሊያን ልጅ» የሚለው የመንደሩ ቃል በሦስተኛው ትርጉሙ ትክክል ነበር።

የልጅ ልጂቱ አሁን በመተማ ያገለገሉትን የኤርትራ ሻለቆች ቁጥር እየለቀመች ነው። በወሳኝ ኩነት መዝገብ ግን የአያቷ አባት ስም ያ ያሳደገው ገበሬ ሆኖ ይቀጥላል፤ ይህንን የወሰነችው ራሷ ናት፤ ከእኔ ምክር አልጠየቀችም።

 ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ፤ የቤታችሁን ጉዳይ በአደባባይ ለማንሣት የማትፈልጉ ደግሞ ከአዳራሹ ውጭ አገኛችኋለሁ።